ፍቆ መጻፍ የማይቻልበት መዝገብ

(ድምፅ፦ የሐይቅ ዳር ነፋስ፣ የውኃ ወፎች)

ተራኪ፦ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ሐይቅ ከተማን፣ ከአጠገቧም የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም እናገኛለን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን የመሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 አንድ የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ለገዳሙ ሰጡ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ብራና የሚፈልጉት ለወንጌሉ ብቻ አይደለም። በባዶ ገጾቹ ላይ ከእሳቸው በኋላ የመጡ እጆች የገዳሙን ጉዳይ ጽፈውበታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ተርታ ሲያጠኑ አንዱ ምንጫቸው ይኸው መጽሐፍ ነበር።

ብራና ግን አንድ ድክመት አለበት፤ ይፋቃል። በአገራችን ጥንታዊ መጻሕፍት ላይ የባለቤቱ ስም በስለት ተፍቆ ሌላ ስም የተተካበት ቦታ ብዙ ነው። ጠባሳው ይታያል፤ ከሥሩ የነበረው ስም የማን እንደነበረ፣ ማን እንደፋቀው፣ ለምን እንደፋቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም።

የሐይቁ ወንጌል በማይክሮፊልም ተነሥቷል። በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ስብስብ ውስጥ ቁጥሩ 1832 ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር ባዘጋጁት ዝርዝር ውስጥ ተገልጿል። ፊልሙ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛል። ትልቅ ውለታ ነው። ቢሆንም ፊልም የሚያስቀረው የተነሣበትን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተፋቀውንም፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈውንም አይዝም።

(ሙዚቃ፦ አምባሰል፣ በማሲንቆ)

ተራኪ፦ መዝገብ የሚጠፋው ግን በስለት ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ሲመለሱ የደሴ ሆስፒታል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሙዚየም ተዘርፈው ነበር። መዝገብ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ የነበረ ወረቀት፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተቀመጠ ፋይል ሲጠፋ የሚተካው የለም። ኢንተርኔት ላይ ቢሆንስ? በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ሊገባ ሲል ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። መረጃው ሌላ አገር ባለ ሰርቨር ላይ በሰላም ተቀምጦ ሳለ እዚህ ያለው ሰው ሊያገኘው አልቻለም።

እንግዲህ ይህ ፕሮግራም የሚያወራው የለውጡን ታሪክ በየቅጂው ሙሉ በሙሉ ስለሚይዝ የዊኪ ሶፍትዌር ነው። ከላይ የሰማችሁት ሁሉ እሱን ለመረዳት ይጠቅማል።

ማንም ገብቶ የሚያርመውን ድረ ገጽ፣ ዊኪን፣ ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመረው። የአማርኛው ዊኪፔዲያም የዚሁ ዝርያ ነው። ዊኪፔዲያ የእያንዳንዱን ገጽ የቀድሞ መልክ ያስቀምጣል፤ የሚያስቀምጠው ግን እሱ ዘንድ ባለ የመረጃ ቋት ነው። ገጹን ቀድታችሁ ብትወስዱ ታሪኩ አብሯችሁ አይመጣም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊት የተባለውን የኮድ መዝገብ ሠራ። ዓላማው ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ኮድ የሚጽፉ በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ሳይጠላለፉ እንዲሠሩ ነበር። በጊት እያንዳንዱ ቅጂ ሙሉ ነው፤ የዛሬውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ይዟል። ለውጡ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር ይገባል። ከይዘቱና ከበፊቱ ለውጥ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥርም አለው። ከሦስት ዓመት በፊት የገባን አንድ ቃል በስውር ብትለውጡ ከዚያ ወዲህ ያሉት መለያዎች በሙሉ ይለወጣሉ፤ ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ወዲያው ይነቃል።

እንዲህ ያለውን የኮድ መዝገብ ለዊኪ መሠረት ያደረጉ ሰዎች መጡ። ጆይ ሄስ እ.ኤ.አ. በ2006 ኢኪዊኪን ጀመረ። ጆን ማክፋርሌን ጊቲትን፣ ጊትሃብ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ጎለምን አስከተሉ። በእነዚህ ገጽ ማለት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በብራውዘር ማረም ይቻላል፤ ፋይሉን በቀጥታ ከፍቶ መጻፍም እንዲሁ። ኢኪዊኪ ገጾቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ስለሚያወጣቸው ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

(ድምፅ፦ መናኸሪያ፣ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!»)

ተራኪ፦ ኔትወርክ የለም እንበል። ደሴ ያለች የታሪክ መምህርት ሳምንቱን ሙሉ ስትጽፍ ትሰነብታለች። ኮምቦልቻ ያለ ባልደረባዋም በራሱ ኮምፒውተር ይጽፋል። ቅዳሜ አንድ ፍላሽ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ሁለቱ የተለያየ ቦታ ያረሙ ከሆነ ጊት ራሱ ያዋህደዋል። አንድ መስመር ላይ ከተጋጩ ግን አይፈርድም፤ ሁለቱንም ጽሑፍ ከላይና ከታች አስቀምጦ ሰው ይጠብቃል።

እኛ ዘንድ ግጭቱ ከየት እንደሚመጣ መገመት አይከብድም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበትን የሰገሌ ጦርነት አንዷ 1909 ብላ ትጽፋለች፣ ሌላው 1916 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የዘመን አቆጣጠር ነው የለያያቸው። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ ደግሞም ባያውቅ ይሻላል። አውቃለሁ ብሎ አንዱን ቢያጠፋው ነበር የሚያስፈራው።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። የገጹ ስም የፋይሉ ስም ስለሆነ «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ኃይቅ» ሦስት የተለያዩ ገጾች ይሆናሉ። አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ የፋይል ስም ጣሪያው 255 ባይት በሆነበት ኮምፒውተር ከ85 ፊደል በላይ ርእስ አይገባም፤ ረጅም ርእስ የሚወዱ ደራሲዎቻችን ይወቁት። ጊት እንደመጣ ከተተወ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ያለችን «ደ» 341፣ 213፣ 260 እያለ በቁጥር ነው የሚጽፋት። ቅንብሩን መለወጥ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ ያልነገሩት ሰው ግን ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ለውጥን የሚያሳየው በመስመር ስለሆነም፣ አንቀጹን በሙሉ እንደ አንድ መስመር የሚጽፍ ሰው አንዲት ፊደል ቢያርም አንቀጹ በሙሉ የተለወጠ ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በየመስመሩ መጻፍ ይበጃል።

የወሎን መንዙማ በድምፅ እንጨምርበት የሚል ይኖራል። የድምፅ ፋይል ከባድ ነው፤ ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይቆያል፣ ቅጂ የሚወስድ ሁሉ ይሸከመዋል። ግጥሙን ዊኪው ላይ፣ ድምፁን ሌላ ቦታ ማኖር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የጦርነቱን ወቅት ምስክርነት የምንሰበስብ ከሆነ፣ ቃሏን የሰጠች ሴት ከዓመት በኋላ «ስሜን አውጡልኝ» ብትልስ? ከዛሬው ገጽ ማውጣት ቀላል ነው። ከታሪኩ ለማውጣት ግን መዝገቡን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ በፍላሽ የወጣው ቅጂም እንደያዘው ይቀራል። ዊኪን ከእትም መዝገብ ጋር አጣምሮ የያዘው የሪቻርድ ሂፕ ሶፍትዌር፣ ፎሲል፣ አንድን ይዘት ለይቶ የሚያገልበት መንገድ አለው። እሱም ቢሆን እገዳው በታገደበት ቅጂ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በራሱ ወደ ሌሎቹ አይተላለፍም። ዘራፊ እንዳያጠፋው የሚጠብቀው ባሕርይ ባለቤቷም እንዳታጠፋው ይከለክላታል።

ስለዚህ የምስክሮች ስም ዊኪው ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። በገጹ ላይ መለያ ቁጥር ብቻ ይጻፋል፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በወረቀት፣ ሁለት ሰው በሚያውቀው ቦታ ይቀመጣል። ያ ወረቀት ሊቃጠል ይችላል፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው።