ክብሪቱ ይቅር

መቂ ዳር ሽንኩርት ሲያጠጣ የዋለ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ድንገት ወድቆ ቢንፈራገጥ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። ከአፍታ በኋላ ሲነቃ ክብሪቱ ይመሰገናል። መንፈራገጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚቆም ነው፤ ጭሱ የፈየደው የለም።

ከመቂ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ቡታጅራ ያደርሳል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያ ገጠር 60,820 ሰው ያካተተ ጥናት አካሂደው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች አገኙ። ዘመናዊ መድኃኒት የሚወስዱት ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩ፤ ሲንፈራገጡ መንካት በሽታውን ያጋባል ተብሎ ይፈራ ነበርና።

ይህ በሽታ በብዛት የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ነው። ወድቆ የማያውቅ ጎልማሳ ሲወድቅ ግን ሐኪም ሌላም ነገር ይጠረጥራል፤ አንዱ የአንጎል ዕጢ ነው። የራስ ቅል እንደ ሆድ አይለጠጥም። ዕጢው ባደገ ቁጥር ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ስንተኛ ደግሞ ይብሳል። ሕመምተኛው ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው፣ እያስመለሰው የሚነሳው ለዚህ ነው። ወሩን ሙሉ «ሳይነስ ነው» እየተባለ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ አንዴ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

የሚያስቆጨው፣ ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ የተባለው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አለመሆኑ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ዕጢ የሚመስል የቲቢ እባጭም አለ፤ እሱ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይድናል። ሁለቱን ለመለየት ምርመራ የግድ ነው።

ድሮ እንዲህ ያለውን ዕጢ የሚያወጡ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች በአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲና እኛ ኮሪያ ሆስፒታል ከምንለው ሚዩንግሰንግ ጋር ሆኖ የቀዶ ሐኪሞቹን ሥልጠና የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሌላ የትም አልነበረም።

አንድ መድኃኒት በተለይ ያሳስታል፤ ዴክሳሜታዞን። በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንስ ለወራት ያሰቃየ ራስ ምታት በቀናት ውስጥ ቀለል ይላል። «ዳንኩ» ብሎ ቀጠሮውን የሚተው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ዕጢው ያለበት አለ። መድኃኒቱን በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒትንም እንዲሁ፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን የሚያቋርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰው ሲወድቅ ከእሳትና ከቦይ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና ውሰዱት። አንዳችሁ ደግሞ በስልክ ቅረጹት፤ መንፈራገጡ ከቀኝ እጅ ከጀመረ ሐኪሙ የሚፈልገው በግራው አንጎል ነውና። ያን ቪዲዮ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ጎልማሳ ከሆነና ሲወድቅ የመጀመሪያው ከሆነ ለሲቲ ስካን ወደ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሪፈር እንዲጻፍለት ጠይቁ።