ከየካ ወደ እንጦጦ ጋራ፦ የገመድ አልባ መረብና የባሕር ዛፉ ነገር

ከእንጦጦ ጋራ የካን ቁልቁል የሚያይ አጥቢያ ለገመድ አልባ መረብ ዋናውን ነገር አስቀድሞ ይዟል፤ ይኸውም ያልተጋረደ እይታ ነው። ሁለት አነስተኛ አንቴናዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ፣ ከከተማው የተነሣው የኢንተርኔት መስመር ያለ ቁፋሮ ወደ ጋራው ይሻገራል። በኔፓል መምህር ማሃቢር ፑን በዚሁ መንገድ የተራራ መንደሮችን አገናኝተው እ.ኤ.አ. በ2007 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተቀብለዋል።

ፈታኙ ባሕር ዛፉ ነው። በ5.8 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ መሣሪያ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲተከል፣ አጋማሹ ላይ በእይታው መስመር ዙሪያ እስከ 8 ሜትር ያህል ክፍት አየር ቢያገኝ ይመረጣል፤ እርጥብ ቅጠል ሞገዱን ይውጠዋል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቆርጦም ያቆጠቁጣልና ዛሬ የጠራው መስመር ከጥቂት ክረምት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ምሰሶው ከዛፉ የነገ ቁመት በላይ ይታሰብ። (ጉልላቱን ምሰሶ ለማድረግ ያሰበ ቢኖር አባቶችን አስቀድሞ ይጠይቅ።)

መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ የወሩ ክፍያና የባትሪው ወጪ ግን አይቋረጥም። ኮሚቴው ከየትኛው ገቢ እንደሚከፍል ከግዢው በፊት በቃለ ጉባኤ ያስፍር፤ አለዚያ አንቴናው የጋራው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መስመሩን ለጎረቤት ከማካፈሉ አስቀድሞም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ፈቃዱ በጽሑፍ ይጠይቅ።