በሐራ ዐቀበት ላይ ስለ ፈላው ሞተር

ከወልድያ በስተ ምሥራቅ ወደ ዓፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ሐራ የምትባል ከተማ አለች። አገሩ ሞቃት ሜዳ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚመለስ መንገደኛ ግን ከቆላ ወደ ወይና ደጋ የሚሻገር ስለ ሆነ፣ መኪናው በፀሓይ ላይ ዐቀበት መግፋት ግዴታው ነው። ስለዚህም በግንቦት ወር በዚህ መንገድ ዳር የሞተሩን መክደኛ ከፍቶ በእንፋሎት መካከል የቆመ ሾፌር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

የሞተር ነገር የመካኒክ እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በእኛ ላይ የደረሰውን ላጫውተው።

ጥቂት ዓመታት ሆነው፤ አክስቴ በሐራ ሳሉ በወባ ንዳድ ታመው ነበርና ወደ ወልድያ ሆስፒታል ለማድረስ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ተከራየን። ሜዳውን በደኅና አለፍን። ዐቀበቱን እንደ ጀመርን የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ምልክት ወጣ፤ ወዲያውም ከፊት ነጭ እንፋሎት ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ፎጣውን በእጁ ጠቀለለና ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሄደ። አክስቴ ከተኙበት ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ የሚንተከተክ ድስት እንኳ እንዲህ አይከፈትም፤ ተው፣ ይብረድ» አሉት። እርሱም፣ «እማማ፣ እርስዎ ታመዋል፣ ሰዓቱም እየሄደብን ነው» ብሎ ክዳኑን አዞረው። የፈላው ውሃ እንደ ምንጭ ተወርውሮ ክንዱንና አንገቱን ላጠው። አንድ በሽተኛ ይዘን የተነሣን ሰዎች ሁለት በሽተኞች ይዘን፣ ያውም ዘግይተን፣ በሌላ ሰው መኪና ተለምነን ወልድያ ገባን።

የዚህ አደጋ ምሥጢር እንደሚከተለው ነው። በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ኃይል ሢሶ የሚያህለው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባ ሙቀት ነው። ፓምፑ ውሃውን በሞተሩ አካል ውስጥ ያዞረዋል፤ ውሃው የተሸከመውን ሙቀት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች በኩል ለነፋስ ያስረክባል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ነገር ግን 300 ሜትር ያህል ከፍ ባሉ ቍጥር የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የደጋ ሰው ንፍሮው ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። በወልድያ ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ብዙ ሞተሮች ደኅና ሆነው የሚሠሩት ግን ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ ውሃው እንዳይፈላ የሚከለክለው ምንድን ነው? ያ ትንሽ ክዳን ነው። ክዳኑ በጎማና በሞላ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ፣ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ክዳኑን የከፈተ ሰው ግፊቱን በአንድ ጊዜ ስለሚለቀው፣ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊቱ ላይ ይመጣበታል።

የእኛም ሚኒባስ ሲመረመር ሕመሙ በዚያው ክዳን ላይ ተገኘ፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ባለቤቱ አስቀድሞ አንድ ጋራዥ ገብቶ ፓምፑን አስለውጦ፣ ቴርሞስታቱንም አስወጥቶ አስጥሎ ነበር። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የውሃውን መንገድ ዘግቶ የሚይዝ በር ነው። በሩ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ይፈላል፤ ይህ እውነት ነው። ማውጣቱ ግን መድኃኒት አይደለም፤ ሞተሩ በብርድ እየሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ይበላልም። እንዲያውም በአንዳንድ ሞተሮች ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ በአቋራጭ ስለሚመለስ ሙቀቱ ይብሳል።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ያየሁት ምስክር ሲጠየቅ አስቀድሞ «መቼ? የት?» እንዲባል ነው፤ ለሞተርም ይኸው ይሠራል። በከተማ ቆሞ ሳለ የሚፈላ፣ በመንገድ ሲሮጥ ግን የሚበርድ ከሆነ ጥፋቱ ከማራገቢያው ነው፤ የኤሌክትሪኩ ፊውዝ ተቃጥሎ ወይም ቺንጋው ላልቶ ይሆናል። በሜዳ ደኅና ሆኖ በዐቀበት ብቻ የሚፈላ ከሆነ ራዲያተሩ በጭቃና በገለባ መታፈኑን፣ ወይም በውስጡ መደፈኑን ይመልከቱ። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ዝቃጭ የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች፤ የጕድጓድ ውሃ ዘወትር የሚጠጣ ራዲያተርም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ የተጣራ ውሃና ለሞተሩ የታዘዘውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጨመር ይሻላል። ከተነሣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የሚፈላ፣ የላይኛው የጎማ ቱቦ ግሎ የታችኛው ቀዝቃዛ የሆነ እንደ ሆነ፣ ቴርሞስታቱን ይጠርጥሩ። ውሃው በየቀኑ እየጐደለ በምድር ላይ ጠብታ የማይታይ ከሆነ፣ በጭስ መውጫውም ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ዘይቱም እንደ ወተት ከነጣ፣ በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ማለት ይቻላልና መንዳቱን ያቁሙ። (ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው፤ ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ቃላቱ ቀሩ።)

በመንገድ ላይ መርፌው መውጣት ሲጀምር፣ ገና ሳይፈላ፣ የመኪናውን አየር ማቀዝቀዣ አጥፍተው የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ይክፈቱት፤ ለተሳፋሪው ጭንቅ ቢሆንም ከሞተሩ ሙቀት ይስባል። እንፋሎት ከታየ ግን መኪናውን ከመንገድ አውጥተው ሞተሩን ያጥፉ፣ ሕፃናቱን ወደ ጥላ ያርቁ፣ ከግማሽ ሰዓት የማያንስም ይጠብቁ። ክዳኑ በእጅ ሲዳሰስ ካልበረደ አይነካም። ሲበርድም በጨርቅ ይዘው በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ በማዞር የቀረውን እንፋሎት ያስተንፍሱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት መጨመር ቴስታታውን ያጣምመዋል ወይም ይሰነጥቀዋል።

የተቃጠለ ሰው ቢኖር ቍስሉን ለ20 ደቂቃ በንጹሕ፣ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማራስ ነው፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ለእኛ ሾፌር በዚያ ቀን ይህን ያደረገለት አልነበረም፤ የያዝነውን ውሃ ሁሉ ለራዲያተሩ ብለን ቈጥበነው ነበርና።

አክስቴ በሳምንቱ ድነው ወደ ሐራ ተመለሱ። የሾፌሩ ክንድ ግን ሁለት ወር ያህል በፋሻ ቆየ። አሁን መኪናው ውስጥ መለወጫ ክዳንና ሁለት ጀሪካን ውሃ ይይዛል፤ አንዱ ጀሪካን ለሞተሩ፣ አንዱ ለሰው ነው።