ወንዝ ሲገደብ ጥቅሙና ጉዳቱ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ግድብ ነው። ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ ሁሉ ቀስ እያላችሁ አብራችሁን አንብቡ።

መርካቶ፣ ራጉኤል አካባቢ ያላችሁ እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ወፍጮ ቤቱ እህል ይፈጫል። በያጁ ብረት ይበይዳል። ሲመሽ ሱቁ አምፖል ይበራበታል። መብራት ሲጠፋ ግን ሥራው ቀጥ ይላል። ይህ ኃይል ከየት ይመጣል? አብዛኛው ከተገደበ ወንዝ ነው።

ግድብ ወንዝን አቋርጦ የሚሠራ ትልቅ ግንብ ነው። ውሃው ከግንቡ ኋላ ይጠራቀምና ሐይቅ ይሆናል። ከዚያ በትልቅ ቧንቧ ወደ ታች ሲወርድ ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያዞራል። መዘውሩም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መኪና ያዞራል። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አዋሽን እንውሰድ። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ላይ ተገደበ። ጣቢያው 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል እንዲሰጥ ተሠራ፤ ለአዲስ አበባም ብርሃን ሆነ። ውሃው በዚህ አያበቃም። ወረድ ብሎ በአዋሽ ሁለትና በአዋሽ ሦስት ጣቢያዎች ደግሞ ይሠራል። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ይይዛል፤ በበጋ የወንጂ ሸንኮራ አገዳ ውሃ ያገኛል። ሐይቁም ዓሣ ይሰጣል።

ጉዳቱስ? አንደኛ፣ ሐይቁ የተኛበት መሬት የሰው እርሻና ግጦሽ ነበር። ሁለተኛ፣ በሐይቁ ዳር የወባ ትንኝ ይራባል፤ ሐኪሞች ይህን በቆቃ አይተውታል። ሦስተኛ፣ ከግድቡ በታች በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ሲቋቋሙ፣ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበትን መስክ አጣ።

አራተኛው ደለል ነው። ዛፍ ከተቆረጠበት ተራራ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ወደ ሐይቁ ያመጣል። ጎተራው አፈር ከሞላው እህሉ የት ይገባል? ቆቃም በደለል ምክንያት የሚይዘው ውሃ ቀንሷል። ሐይቁ ቶሎ ሲሞላ በሩ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ጎርፉ ከታች ያለውን ሰው ያገኘዋል።

ዓባይም እንዲሁ ነው። የህዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሕዝቡ ቦንድ ገዝቶበታል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለሱዳን የክረምቱን ጎርፍ ያበርድላታል። ግብፅ ግን በድርቅ ዓመት ውሃው ያንሰኛል ብላ ትሰጋለች። በጉባ ከሐይቁ ስፍራ የተነሱ ሰዎችም አሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ብርሃኑን የሚያገኘው አንዱ፣ መሬቱን የሚያጣው ሌላው ነው። ጥሩ ነጋዴ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ወጪውንም ይጽፋል። የግድብ ሒሳብም እንደዚሁ ነው። ለተነሳው ሰው መሬትና ካሳ፣ ለሐይቁ ዳር ነዋሪ አጎበርና ሕክምና፣ ለተራራው እርከንና ችግኝ ከግድቡ ወጪ ጋር መቆጠር አለባቸው። እርከኑ ከተረሳ ግድቡ ራሱ ዕድሜው ያጥራል።

ጥያቄዎች፦ ደለል ከየት ይመጣል? በግድብ የሚጠቀመው ማን ነው? የሚጎዳውስ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉና ከጎረቤት ጋር ተወያዩበት። ደህና ሁኑ።