የአሳዳጊዋ ሳል፦ ኤች አይ ቪ፣ ሳንባና የቲም ልጆች



በርካታ ሕፃናት እናትና አባታቸውን በኤች አይ ቪ ምክንያት አጥተዋል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕይወትን የሚቀጥፈው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ የተዳከመውን ሰውነት አጋጣሚ ጠብቆ የሚያጠቃው ሌላ በሽታ ነው። ከእነዚህም መካከል ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖችን በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚገድለው ቲቢ ነው። ቲቢ ግን የሚድን በሽታ ነው።

ሳንባ ለምን ይጠቃል?

የቲቢ ተሕዋስ በአየር ተላልፎ ሳንባ ከገባ በኋላ፣ በጤነኛ ሰው ውስጥ ሕመም ሳያስከትል ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ኤች አይ ቪ የሰውነትን የመከላከል አቅም ሲያዳክም ይህ ተሕዋስ ይነቃል። ከቲቢ በተጨማሪ የሳንባ ምች በተደጋጋሚ ሊከሰት ይችላል። አንዱ የሳንባ ምች ዓይነት በተለይ ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ለከፍተኛ አደጋ ያጋልጣል። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው መድኃኒት ይህን ለመከላከል ያገለግላል።

ምልክቶቹ

ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ዋነኞቹ ናቸው። ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ሳሉ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው መጠበቅ የለበትም፤ በማንኛውም ሳል ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። በእነዚህ ሕሙማን አክታ ውስጥ ተሕዋሱ በአጉሊ መነጽር ላይታይ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ቢልም ሳሉ ከቀጠለ ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል።

ሕክምናው

የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። በመንግሥት ጤና ተቋማትም መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ጀምሯል። ሁለቱን በአንድነት የሚወስድ ሰው የሚወስደው መጠን ሊስተካከል ስለሚችል፣ ለሐኪሙ ሁሉንም መድኃኒቶች መንገር አለበት። ቲቢ የሌለባቸውም ቢሆኑ ተኝቶ ያለው ተሕዋስ እንዳይነቃ የመከላከያ መድኃኒት ያገኛሉ። ሳል በሕመምተኛው ቤት ካለ፣ ልጆቹም ይመርመሩ፤ መስኮትም ይከፈት።

ረመዷን ሲገባ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። ለታመመ ሰው ዲናችን ፈቃድ ሰጥቷል፤ ሊጾም የሚችለውም የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ያስተካክል።

ማግለልን እንተው

በክፍለ ከተማችን በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ለቲቢና ለኤች አይ ቪ ሕሙማንም አገልግሎት ይሰጣል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለዘመናት ከሰው ተለይተው እንዲኖሩ ተገደዋል፤ በሽታው ግን በመድኃኒት የሚድን ሆኗል። ያንን ስሕተት በቲቢ ሕሙማን ላይ አንድገመው። ቲቢ በምግብ ዕቃ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ሕክምናውን በአግባቡ የጀመረ ሰውም ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ማስተላለፉ ይቀንሳል።

ውድ ለጋሾች፣ መድኃኒቱ ነፃ ቢሆንም የትራንስፖርት ወጪው፣ የዕለት ገቢው መቅረትና የምግቡ እጦት አሳዳጊዋን ከሕክምናዋ ያስቀራታል። ለየቲሙ ከምንሰጠው ጎን ለጎን የአሳዳጊውን ሳል እንጠይቅ። አንዴ ወላጁን ያጣ ልጅ ዳግመኛ እንዳያጣ ማድረግ፣ በአላህ ፈቃድ፣ በእጃችን ነው።