ኤሊው ዋሊ እና ማንም የማያውቀው ኮሚቴ

አሜሪካ ካለ ሐበሻ ጋር ስለ ኮሚቴ ማውራት ከባድ ነው፤ ግማሾቻችን ከአገር የወጣነው ከስብሰባ ለማምለጥ ይመስላል። ቢሆንም ስለ አንዱ ኮሚቴ ዝም ማለት አልችልም። የአካባቢ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ኮሚቴ ይባላል፤ በብዙ ቦታ በየካውንቲው አንድ አለ። የእሳት አደጋ አዛዡ፣ ፖሊሱ፣ የሆስፒታሉ ሰው፣ ጋዜጠኛው፣ የፋብሪካው ተወካይና ተራው ነዋሪ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ክሎሪን የጫነ ባቡር ቢገለበጥ ማን ለማን እንደሚደውል፣ የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ ይጽፋሉ። የሚበዙት ለዚህ ሥራ ሳንቲም አይከፈላቸውም።

መነሻው ሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 ቦፓል ከተማ ከነበረው የዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ በሌሊት ያመለጠ ሜቲል አይሶሳይኔት የተባለ ጋዝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት የዚያው ኩባንያ ፋብሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሌላ መርዝ ለቅቆ ከመቶ በላይ ሰው ሆስፒታል ሲገባ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀረ። ኮሚቴዎቹን ያቋቋመው የአሜሪካ ሕግ በ1986 ወጣ። አደገኛ ከተባሉት ኬሚካሎች አንዱን ከተወሰነ መጠን ጀምሮ (ክሎሪን 100 ፓውንድ፣ አሞኒያ 500 ፓውንድ) የሚያስቀምጥ ድርጅት፣ በየዓመቱ እስከ ማርች 1 ምን፣ ስንት፣ የት እንዳስቀመጠ ለኮሚቴው፣ ለስቴቱና ለእሳት አደጋ ጣቢያው ያሳውቃል። ስለ ሕጉ ይህን ካወቁ ይበቃል። ወደምወደው ወደ ዋሊ ልሂድ።

ዋሊ ኤሊ ነው። ሂዩስተን አጠገብ የነዳጅ ማጣሪያና የኬሚካል ፋብሪካ የከበባት ዲር ፓርክ የምትባል ከተማ አለች፤ የዚያ ኮሚቴ ነው ለትምህርት ቤት ልጆች የፈጠረው። ትምህርቱ ባጭሩ፦ አደጋ ሲመጣ ኤሊ ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል፤ እናንተም ቤት ግቡ። ሕፃናቱ ወዲያው ይገባቸዋል።

ችግሩ ትልልቆቹ ጋ ነው። መርዝ መጣ ሲባል እግሬ አውጪኝ እንላለን። ሂዩስተን ቡና ተፈልቶ ይህንኑ ሳስረዳ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ መርዝ እየመጣ ቁጭ በሉ ትለናለህ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ መስኮቱን ዘግተው» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ሁለተኛውን ስኒ ሲቀበሉም ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር።

እንዲህ ነው ነገሩ። ከፋብሪካ ወይም ከባቡር የሚያመልጥ ጋዝ ብዙውን ጊዜ ደመና ሆኖ በነፋስ እየተገፋ ያልፋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የውጭው አየር የሚገባው ቀስ እያለ ነው፤ ደመናው እስኪያልፍ ቤት ያለው ሰው የሚተነፍሰው መርዝ ደጅ ካለው በጣም ያንሳል። የሚሮጥ ሰው ግን ትንፋሹ ይበዛል፣ ያውም ደመናው መሃል። ቦፓል ላይ ብዙ ሰው በጨለማ ከቤቱ ወጥቶ ሲሮጥ መንገድ ላይ ቀረ። መኪናም አያስጥልም፤ አየር ያስገባል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከወጣ ደግሞ አውራ ጎዳናው ላይ ተገትሮ ደመናውን መጠበቅ ነው።

ስለዚህ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ኤሲው ይጠፋል (በሂዩስተን ኦገስት ይህ ቀላል ፍርድ አይደለም)፣ መስኮት የሌለው ወይም ያነሰው ክፍል ይመረጣል፣ የበሩ ሥር በእርጥብ ፎጣ ይደፈናል። ምድር ቤት አይወረድም፤ ክሎሪን ከአየር ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጎ ይተኛል። አዲስ አበባ በጠራራ ፀሐይ ታክሲ ውስጥ «ብርድ ይመታኛል፣ መስኮቱን ዝጋው» የሚሉት ተሳፋሪ ለዚህ ቀን የተፈጠሩ ናቸው፤ እኔ ስሟገታቸው ኖሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ወላጆችን ልቆጣ። ሳይረን ሲጮህ ልጄን ላውጣ ብሎ ወደ ትምህርት ቤት መብረር ኮሚቴዎቹን ከሚያስጨንቋቸው ነገሮች አንዱ ነው። ልጁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው፤ እርስዎ ደመናውን ሰንጥቀው ሄደው በሩን ያስከፍታሉ፣ መኪናዎ የአምቡላንሱን መንገድ ይዘጋል፣ ከዚያ ልጁን ይዘው ደጅ ይወጣሉ። ዋሊ ያስተማረው ልጅ ከአባቱ ይልቅ ያውቃል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ የቅርፊቱ ነገር እስከ ጊዜው ነው። ደመናው ካለፈና «አልፏል» የሚለው መልእክት ከመጣ በኋላ ወደ ውስጥ ሾልኮ የገባው ጋዝ የሚቀረው ቤት ውስጥ ነው። ያኔ መስኮቱን መክፈትና ወጣ ማለት ያስፈልጋል። መልእክቱን ሳይሰሙ በግምት መውጣት ግን አይሆንም። በማርች 2019 ዲር ፓርክ ውስጥ የኬሚካል ታንኮች ለቀናት ነደዱ፤ እሳቱ በጠፋ ማግስት አየሩ ላይ ቤንዚን የተባለው መርዛማ ኬሚካል (መኪና የምንሞላው አይደለም) ተገኘና ነዋሪው እንደገና ቤቱ እንዲገባ ታዘዘ።

ሊፈነዳ ለሚችል ነገር ግን የኤሊው ምክር አይሠራም፤ እዚያ መራቅ ብቻ ነው። በኤፕሪል 2013 ዌስት በምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ የማዳበሪያ መጋዘን ተቃጥሎ አሞኒየም ናይትሬቱ ፈነዳ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ 12ቱ ለእርዳታ የደረሱ ነበሩ። መጋዘኑ ያለውን የሚያስታውቀው ቅጽ ተሞልቶ ነበር። በቅጹ ላይ ተመሥርቶ ለእንዲህ ያለ እሳት የተዘጋጀ ዕቅድ ግን አልነበረም። ኮሚቴ የሚለካው በዚህ ነው፤ አንዳንዱ ካውንቲ በየጊዜው ይለማመዳል፣ አንዳንዱ ጋ ዕቅዱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

በነገራችን ላይ፦ በረኪናን ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር የምትደባልቁ፣ ክሎሪን ጋዝ የምታመርቱት እዚያው መታጠቢያ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ለዚህ ኮሚቴም አይደርስላችሁም፤ ያኔ ወጥቶ በሩን መዝጋት ነው።

የሚለማመደው ኮሚቴ ጎረቤት ናችሁ ወይስ ዕቅዱ አቧራ የሚጠጣበት፣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ወንበር ሞላብን የሚል ቅሬታ እስካሁን አልሰማሁም። ሰፈራችሁ ያለው መጋዘን ምን እንዳስቀመጠ በጽሑፍ ብትጠይቁ ደግሞ ሕጉ በ45 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጣችሁ ያዛል። የምትጽፉት ደብዳቤ አድራሻችሁንና የመጋዘኑን ስም ይያዝ።