ቤታችንን፣ ስልካችንንና ቀልባችንን እናቅልል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የዛሬው ርዕሳችን በቤታችን ስለተከማቸው ዕቃ፣ በስልካችን ስለታጨቀው መልእክትና ሁለቱም ቀልባችንን ስለሚያጣብቡበት ሁኔታ ነው።

ከራሳችን እንጀምር። አንድ ዓመት ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቤታችንን ስናጸዳ ከአልጋ ሥር፣ ከካርቶኖች ኋላ አንድ ትልቅ ድስት ወጣ። የኛ አልነበረም። የልጆቻችን እናት ትኩር ብላ አየችውና ለልጃችን ዐቂቃ ከጎረቤት የተዋስነው መሆኑን አስታወሰች። ያዋሱን እናት ግን ወደ አኺራ ሄደዋል። ድስቱን ለልጃቸው አስረክበን አውፍ እንድትለን ስንጠይቃት፣ “እማዬ ስትፈልገው ነበር የኖረችው” አለችን። የምንመልሰው ቃል አጣን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 58 አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል። እኛ ይህን ትእዛዝ የጣስነው ክደን አልነበረም። ዕቃው በዝቶብን ነው። ዕቃ ሲበዛ የሰው ሐቅ ከሥሩ ይደበቃል።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ፍራሽ ለባል፣ አንድ ለሚስት፣ ሦስተኛው ለእንግዳ እንደሆነ፣ አራተኛው ግን የሸይጧን እንደሆነ አስተምረዋል። ዑለማዎች እንዳብራሩት የተነቀፈው ከሐጃ በላይ ለኩራት መሰብሰብ ነው እንጂ ቤተሰቡ የሚያስፈልገው አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቤቱን ሁሉ በአንድ ቀን ማገላበጥ አያስፈልግም። ከዒሻእ በኋላ አንድ ሻንጣ ወይም አንድ መሳቢያ እናውጣና በሦስት እንለየው። መጀመሪያ የሰው ሐቅ ይውጣ፤ የተዋስነው መጽሐፍ፣ አደራ የተቀመጠ ልብስ በማግስቱ ለባለቤቱ ይድረስ። ሁለተኛው የምንገለገልበት ነው። ሦስተኛው ዓመት ዞሮ ያልነካነው ነው፤ እርሱ ሰደቃ ይሁን። የሚስትን ንብረት ግን ያለ ፈቃዷ አንስጥ፤ ንብረቱ የራሷ ነውና።

ሰደቃ ማለት ቆሻሻችንን በድሃ ደጃፍ መጣል አይደለም። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 267 እኛ ብንሰጠው ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎ ነገር ለይተን እንዳንሰጥ ይከለክለናል። ጀለቢያው ይታጠብ፣ ይተኮስ፣ ቁልፉ ይተከል። ያረጁ የቁርኣን ቅጠሎች ከቆሻሻ ጋር አይጣሉ፤ በንጹህ ስፍራ ይቀበሩ ወይም ተቃጥለው አመዱ ይቀበር።

ስልካችንም እንደዚያ አልጋ ሥር ነው። ማን እንደላከው የማናውቀው ወሬ፣ ምንጩ ያልተጣራ “ሐዲስ”፣ በአማና የተላከልን የሰው ምስጢርና ፎቶ ተደባልቆ ተቀምጧል። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ወሬን እንድናጣራ ያዘናል። ያላጣራነውን አናስተላልፍ። የማይጠቅመንን የዋትስአፕና የቴሌግራም ቡድን እንልቀቅ። የምንሰርዘውን ግን እንለይ፤ የብድር ስምምነት ካለ ቀድመን በወረቀት እናስፍረው። ብድርን መጻፍ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 የታዘዘ ነው።

ወደ ቀልባችን እንምጣ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የሚከተለውን ነግረውናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሲሰግዱ ጥለቱን አንድ ጊዜ ተመለከቱ። ሰላታቸውን እንደጨረሱም ልብሱ ስላዘናጋቸው ለአቡ ጀህም እንዲወሰድ፣ በምትኩም ጥለት የሌለው ልብሱ እንዲመጣላቸው አዘዙ። ልብሱ ሐራም አልነበረም። ከሰላታቸው ላይ ግን ጥቂት ሊወስድ ስለሞከረ ከቤታቸው ወጣ።

ወንድሞችና እህቶች! እርሳቸው በአንድ ጥለት ይህን ካደረጉ፣ ኪሳችን ውስጥ እየነዘረ “አላሁ አክበር” የምንል እኛ ምን እንበል? አዛን ሲሰማ ስልኩ ይዘጋ። ያልከፈልነው ዕዳ፣ ያልጠየቅነው ይቅርታ ካለ ዛሬውኑ እንፈጽመው፤ ሱጁድ ላይ ተከትሎን የሚመጣው እርሱ ነውና። ይቅርታ ሊጠየቁ የሚገባቸው እናት እስኪሞቱ አንጠብቅ።

አላህ ከሰው ሐቅ የነጻ ቤት፣ ለእርሱ የተሰበሰበ ቀልብ ይስጠን። ኣሚን።